መድኃኒቱን ከእናት እጅ ወደ ልጅ እጅ፦ የሚጥል በሽታ ላለበት ጎረምሳ ወላጆች ዝርዝር መመሪያ

ልጁ ትንሽ ሳለ ክኒኑን የምትሰጠው እናቱ ናት። ጢሙ ማቆጥቆጥ ሲጀምር አንድ ቀን ትናደድና «ከእንግዲህ ራስህን ቻል» ብላ የመድኃኒቱን ላስቲክ ታስታቅፈዋለች። ሁለት ሦስት ወር ያልፋል። ከዚያ ልጁ ገበያ መሀል ወድቆ በባጃጅ ተጭኖ ይመጣል። የቀጠሮ ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ ከሚቀመጡ የወሎ እናቶች የምሰማው ይኸንኑ ነው፤ አንዷ ከኩታበር ትመጣለች፣ አንዷ ከሐይቅ፣ አንዷ ከሐርቡ። ሌላዋ ደግሞ ለ17 ዓመት ጎረምሳ ዛሬም ክኒኑን በእጇ ታጎርሰዋለች፤ ልጁ ለትምህርት ከቤት የወጣ ዕለት ምን እንደሚሆን ማሰብ አትፈልግም።

ርክክቡ ወራት ይፈልጋል፣ ቅደም ተከተልም አለው። እኔ በራሴ ልጅ ሁለት ጊዜ አበላሽቼ በሦስተኛው ነው የሆነልኝ። ሐኪም ስላልሆንኩ የመድኃኒት መጠን እዚህ አታገኙም፤ እሱን ከሚያክመው ባለሙያ ብቻ ውሰዱ። ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ «እሱ» እያልኩ እሄዳለሁ፤ ሴት ልጅ ያላችሁ ደረጃ 8ን አትዝለሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አሰናዱ፦

• ባለ 50 ገጽ ደብተር።

• ሰባት ባዶ የክብሪት ቀፎ። ጎን ለጎን በፕላስተር አጣብቁና ከሰኞ እስከ እሑድ ጻፉበት። መድኃኒት ቤት የተዘጋጀ የቀን ሳጥን ካገኛችሁ ጥሩ፤ ካላገኛችሁ ይኸኛው አያንስም። ቫልፕሮትና ካርባማዜፒን የሚባሉት የዚህ በሽታ መድኃኒቶች ግን እርጥበት አይወዱም፤ በማሸጊያቸው ከመጡ ማሸጊያውን በመቀስ ቆርጣችሁ ከነልባሱ አስገቡ እንጂ ፈልፍላችሁ አታውጡ።

• ማንቂያና ካሜራ ያለው ስልክ።

• ቢያንስ የሁለት ሳምንት ትርፍ መድኃኒት። እንዴት እንደሚጠራቀም ደረጃ 9 ላይ አለ።

• ከእናንተ ጋር አንድ ቃል የሚናገር ሌላ አዋቂ፦ አባት፣ አክስት፣ ታላቅ ወንድም። እናት «ዋጥ» ስትል አያት «ተዉት ልጁን፣ አንጀቱን ጨረሳችሁት» የሚሉበት ቤት ምንም አይሠራም። መጀመሪያ አያትን አሳምኑ።

ጊዜም ምረጡ። ፈተና በደረሰበት ወር፣ ረመዳን ወይም ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ መድኃኒቱ በተቀየረ ሰሞን አትጀምሩ። ሰሞኑን ደጋግሞ የጣለው ልጅም ይቆይ፤ መጀመሪያ ሕክምናው ይስተካከል።

ደረጃ 1፦ ቤቱን በሙሉ አሠልጥኑ

ጎረምሳ ከእናቱ ጋር አይውልም። ሲጥለው የሚያገኘው ታናሹ፣ ጎረቤት ወይም ጓደኛው ነው። አንድ እሑድ ቡና ሲፈላ ሁሉንም ሰብስቡና በተግባር አሳዩ። ልጁ ራሱ ቢያሳይ ይመረጣል፤ የእኔው «በሉ እኔ ልውደቅላችሁ» ብሎ ምንጣፉ ላይ ሲዘረጋ ታናሽ እህቱ ከፍርሃቷ ወጥታ ሳቀች፣ ከዚያ በኋላ ነው እጇ የደፈረው።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ሰዓት እዩ። ደንግጦ ለቆመ ሰው አንዷ ደቂቃ አሥር ትመስለዋለች፤ በግምት አትሂዱ።

2. ረከቦት፣ ምድጃ፣ ድንጋይ፣ ስለት፣ ጉዳት የሚያደርስ ሁሉ ከአጠገቡ ይነሣ። እሱን አትጎትቱት፤ እሳት፣ ውሃ፣ ገደል ወይም መኪና መንገድ ላይ ከሆነ ብቻ ነው የሚነሣው።

3. ከራሱ ሥር የታጠፈ ነጠላ ወይም ጃኬት አድርጉ። የአንገት ቁልፉንና ቀበቶውን አላሉ።

4. ወደ ጎኑ አዙሩት፤ አፉ ወደ መሬት ያዘንብል፣ አረፋውና ምራቁ ወደ ውጭ ይፍሰስ።

5. እጅና እግሩን አትያዙ። መንዘፍዘፉ በጉልበት አይቆምም፤ ሲታገሉት ትከሻው የወለቀ ልጅ አይቻለሁ።

6. ስሙን ጠይቃችሁት በትክክል እስኪመልስ አትለዩት። እስከዚያ ድረስ ውሃም፣ ክኒንም፣ ጠበልም በአፉ አይግባ፤ ወደ ሳንባው ይሄዳል።

ክብሪት አታሽትቱ። ክብሪት ሲጫር ነቃ የሚባለው አብዛኛው መንዘፍዘፍ በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ስለሚቆም ነው፤ ክብሪቱ የሚደርሰው እየቆመ ሳለ ነው። የሚያተርፈው አፍንጫ ማቃጠልና ትንፋሽ ላጠረው ሰው ጭስ መጨመር ብቻ። ማንኪያም፣ እንጨትም፣ ጣታችሁንም ጥርሱ መሀል አታስገቡ። ምላስ አይዋጥም፤ ጥርስ ግን ይሰበራል። ለሃጩም በሽታውን አያስተላልፍም። ይህን ለጎረቤት ደጋግማችሁ ንገሩ፤ ሰው እየሸሸ እሳት ላይ ብቻቸውን የቀሩ ልጆች አሉና።

ሳይቆም ሲቀር

ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ሁለተኛ ከጀመረው፣ ከቆመ በኋላ አተነፋፈሱ ካልተስተካከለ፣ ውሃ ውስጥ ከነበረ ወይም ራሱን ክፉኛ ከተመታ ሳትጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ከከተማ ራቅ ያላችሁ የወረዳችሁን አምቡላንስ ስልክና ሌሊት የሚነሣላችሁን የአንድ ባለ ባጃጅ ቁጥር ዛሬውኑ ግድግዳ ላይ ጻፉ። በመንገድ ላይም በጎኑ ይተኛ። በር ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ የምትናገሩት «ስንት ደቂቃ ሆነው» የሚለውን ነው።

ከነቃ በኋላ

ሰው የማይጽፈውን ትንሽ ልንገራችሁ። ልጄ አንድ ቅዳሜ ሱቅ በር ላይ ጣለው። ዓይኑን ገልጦ የጠየቀኝ «ምን ሆንኩ?» ብሎ አልነበረም። «ማን አየኝ?» ነው ያለው። ሱሪው ረጥቦ ነበር። ስለዚህ የሚከብበውን ሰው መበተንና ወገቡን በጋቢ ወይም በነጠላ መሸፈን የእርዳታው አካል ነው፤ ከመንቃቱ በፊት ይሠራ። ቦርሳው ውስጥ ሁሌም ትርፍ ሱሪ ይኑር። ለጎረምሳ ከመውደቁ ይልቅ የሚያመው ይኸኛው ነው፤ መድኃኒት የሚያስጥለውም፣ ትምህርት የሚያስቀረውም እፍረቱ ነው።

ደረጃ 2፦ በሽታውን በስሙ ጥሩት

«ያ ነገር»፣ «የማይጠራው»፣ «አመሉ» እያላችሁ ያሳደጋችሁት ልጅ መድኃኒቱን የራሱ አያደርገውም። ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ አትናገሩት፤ ጎረምሳ ዓይን ለዓይን ሲታይ ይዘጋል። መንገድ ስትሄዱ ወይም እንጨት ስትፈልጡ ጀምሩ።

1. «የሚጥል በሽታ ነው ያለብህ» በሉት። የአንጎል ሴሎች የሚነጋገሩት በመብራት ዓይነት ኃይል ነው፤ አንዳንዴ ሁሉም በአንዴ ሲጮኹ ሰውነት ይንዘፈዘፋል። መድኃኒቱ ጩኸቱን ያበርዳል፤ ሥራውን የሚሠራው ግን በየቀኑ ደም ውስጥ ሲገኝ ነው።

2. ልክፍት፣ እርግማን፣ የእናት ኃጢአት አለመሆኑን በግልጽ ንገሩት። ሰፈር ውስጥ ሰምቶታል፤ ያልሰማ አይምሰላችሁ።

3. ከዚያ ዝም በሉና ጠይቁት፦ ከመምጣቱ በፊት ምን ይሰማሃል? አንዳንዱ ሆዱ ውስጥ የሚወጣ ነገር፣ አንዳንዱ መጥፎ ሽታ፣ አንዳንዱ የእጅ መደንዘዝ ይሰማዋል። የሚሰማው ካለ ምልክቱ እንደመጣ መቀመጥና ወደ ጎን መተኛት ይለማመድ።

«አቦ ተዉኝ» ብሎ ከሄደ? ተዉት። በሳምንቱ እንደገና። የእኔው ሦስት ጊዜ ነው የሄደብኝ።

ደረጃ 3፦ ቀጠሮውን የእሱ አድርጉት

በብዙ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ይህን በሽታ የሚያየው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። የክፍሉ ስም አያስደንግጣችሁ፤ «ልጄ እብድ ነው ወይ?» ብለው ከበር የተመለሱ አሉ። እብደት አይደለም፤ ሙያው እዚያ ስላለ ነው። ለልጁም አስቀድማችሁ ንገሩት፣ በር ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ እንዳይሸሽ።

ከቀጠሮው በፊት ደብተሩ ላይ በራሱ እጅ ይጻፍ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ፣ ከዚያ በፊት እንቅልፍ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ክኒን አልዋጠም ወይ፣ ትኩሳት ነበረው ወይ። ከተቻለ አንድ ሰው በስልክ ይቅረጸው። ምርመራው በዋናነት የሚደገፈው ያየ ሰው በሚናገረው ስለሆነ የ30 ሴኮንድ ቪዲዮ ከአንድ ሰዓት ወሬ ይበልጣል። ቪዲዮው ለባለሙያው ከታየ በኋላ ልጁ ሲል ይጥፋ፤ ለዘመድ አይላክም።

ትልቁን መንዘፍዘፍ ብቻ አትናገሩ። ጠዋት ከእንቅልፉ እንደተነሣ ክንዱ ብልጭ ብሎ የሻይ ብርጭቆ ከእጁ የሚያመልጠው ከሆነ «ግዴለሽ» ብላችሁ አትቆጡት፤ በጉርምስና የሚጀምር አንድ የበሽታው ዓይነት እንዲህ ነው የሚታወቀው፣ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን ደግሞ ያንን ዓይነት ሊያባብሱት ይችላሉ። ለጥቂት ሴኮንድ አፍጥጦ መቅረትም ይነገር።

ክፍሉ ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ እሱ ይናገር። ባለሙያው እናንተን ቢጠይቅም እንኳ ወደ ልጁ ዙሩ። ከዚያ «ውጭ ልቆይ» ብላችሁ ለአሥር ደቂቃ ተዉአቸው። ስለ ጫት፣ ስለ ጠላ፣ ስለ ሴት ጓደኛ እናንተ ፊት አይጠይቅም።

ሳይጠይቅ የማይወጣባቸው፦ መድኃኒቴ ስሙ ማን ነው? ብረሳው ምን ላድርግ? ብዋጠውና ቢያስመልሰኝስ? ከወባ ወይም ከሌላ መድኃኒት ጋር ይጣላል? መቼ ነው ቶሎ የምመጣው? መልሱ እዚያው ደብተሩ ላይ።

የማኅበረሰብ ጤና መድን ደብተራችሁ የታደሰ መሆኑን፣ ሪፈር የሚያስፈልግ ከሆነ ከጤና ጣቢያችሁ መያዛችሁን ከመነሣታችሁ በፊት እዩ። ከወረኢሉ ደሴ ድረስ መጥቶ ለአንዲት ማህተም መመለስ ያናድዳል።

ደረጃ 4፦ ርክክቡ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። አትቸኩሉ፣ አንዱ ሳይጸና ወደሚቀጥለው አትሂዱ።

ሳምንት 1 እና 2፦ እሱ ይሞላል፣ እናንተ ትሰጣላችሁ። እሑድ ማታ ሰባቱን ቀፎ ራሱ ይሙላ። እናንተ ቁጠሩና «ልክ ነው» በሉ። ከተሳሳተ አታርሙለት፤ «የሐሙስን እስቲ እየው» ብቻ።

ከሳምንት 3 እስከ 6፦ እሱ ይውጣል፣ እናንተ ታያላችሁ። ሰዓቱን ከማይቀር ነገር ጋር እሰሩት። ከምሽቱ 2 ሰዓት ራት ከሆነ ከራት ጋር። የማንቂያው ድምፅ እሱ የመረጠው ዘፈን ይሁን፤ ስልኩ ላይ «መድኃኒት» የሚል ጽሑፍ አይውጣ፣ ጓደኞቹ ያነብባሉ። ማንቂያው ጮኾ አሥር ደቂቃ ካለፈ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱ። አንድ ጊዜ። ሁለተኛው ንዝነዛ ነው።

ከሳምንት 7 እስከ 10፦ እሱ ብቻውን፣ እናንተ ቀፎውን። ከመተኛታችሁ በፊት የዕለቱ ቀፎ ባዶ መሆኑን እዩ። «ዋጥክ?» አይባልም። ቀፎው ይናገራል።

ከዚያ በኋላ፦ እሑድ እሑድ አብራችሁ ትቆጥራላችሁ። የቀረው ክኒንና ደብተሩ መግጠም አለባቸው።

አንድ ቀን ሲረሳ

እንዳስታወሰ ይዋጠው። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈውን ይተወውና በሰዓቱ ይቀጥል፤ ሁለት አይደረብም። ባለሙያው የተለየ ነገር ካለ የእሱ ይበልጣል። የረሳውን ራሱ ከነገራችሁ አትቆጡ፤ ከተቆጣችሁ የሚቀጥለውን አይነግራችሁም።

ተደብቆ ሲገኝ

አሁን የእኔን ልንገራችሁ። ትራሱን ለማጠብ ልባሱን ስገለብጥ ከስፌቱ ጥግ ዱቄት መሰለ ነገር እጄ ላይ ቀረ። ጎትቼ ሳወጣው 19 ክኒን። ግማሹ ተፈርፍሯል፣ ግማሹ ገና ነጭ ነው። ከወር ያላነሰ ጊዜ ምላሱ ሥር ይዞ ሲያታልለኝ ነበር። ጮህኩ፤ አጎቱን ጠራሁ፤ አጎቱ ቀበቶ አነሣ። ልጁ አልቅሶ ከቤት ወጣ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ ነው ያገኘነው። ይህ የመጀመሪያው ማበላሸቴ ነው።

እውነቱ የወጣው በሌላ ሳምንት፣ በቀጠሮ ላይ፣ እኔ ውጭ ሆኜ ነው። ጠዋት የሚወስደው ፌኖባርቢታል ክፍል ውስጥ ያስተኛዋል፤ አስተማሪው «እንቅልፋሙ» ብሎ ስም አውጥቶለት ክፍሉ ሁሉ ይስቅበታል። ነርሷ ሰዓቱን ወደ ማታ አዛወረችው። ይኸው ነበር። ቀበቶም፣ ምክርም፣ ምህላም ያላገኘው መልስ የሰዓት ለውጥ ነበር።

ስለዚህ ተደብቆ ስታገኙ፦

1. አትጩኹ። ቁጠሩ፣ ቀኑን ጻፉ።

2. ያለፈውን ለማካካስ አንድም ክኒን አትጨምሩ።

3. ለብዙ ቀን ካቆመ በራሳችሁ እንደገና አታስጀምሩ፤ በማግስቱ ወደሚያክመው ባለሙያ ውሰዱት ወይም ደውሉ። በድንገት የተቋረጠ መድኃኒት የማያቆም መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ስለሚችል እስከዚያ ብቻውን አይደር።

4. «ለምን?» ሳይሆን «ምን እያደረገህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ፌኖባርቢታል ያስተኛል፣ አንዳንዱን ደግሞ ያስቆጣዋል። ፌኒቶይን ድድ ያሳብጣል፣ ሲበዛ ያንገዳግዳል። ቫልፕሮት ያወፍራል፣ ፀጉር ሊያሳሳ ይችላል። ለ15 ዓመት ልጅ እነዚህ ትንሽ ነገሮች አይደሉም።

አዲስ መድኃኒት በተጀመረ ሰሞን ሽፍታ ከወጣበት፣ በተለይ አፉ ከቆሰለ፣ ዓይኑ ከቀላ ወይም ካተኮሰው፣ ቀጣዩን ከመዋጡ በፊት በዚያው ቀን ይታይ። ይህ ቀጠሮ አይጠብቅም።

ሁለተኛው ማበላሸቴ አጭር ነው፦ ለአምስት ሳምንት ስላልረሳ ተደስቼ መቁጠር ተውኩ። በስምንተኛው ሳምንት ጣለው።

ደረጃ 5፦ እሳት፣ ውሃ፣ ከፍታ

በእኛ አገር ይህን በሽታ አካል ጉዳት የሚያደርገው ብዙ ጊዜ እሳት ነው። የመሬት ላይ ጉልቻ ካላችሁ በጭቃ ከፍ አድርጉና ዙሪያውን ከልሉ። ምጣድ ላይ፣ ከሰል ላይ፣ ቡና ሲፈላ ብቻውን አይቀመጥ። የፈላ ድስት ተሸክሞ አይሂድ፤ ሳህኑ ወደ ድስቱ ይምጣ።

ገላውን በባልዲ፣ ተቀምጦ ይታጠብ። በሩን ከውስጥ አይቆልፍ፤ በምትኩ ፎጣ በሩ ላይ ሲሰቀል «ሰው አለ» ማለት እንደሆነ ቤቱ ይስማማ። ቦርከና ወንዝ ወይም ሐይቅ ለመዋኘት ጎበዝ ዋናተኛ አጠገቡ ከሌለ አይሆንም፤ በሽታው ካልረጋ ጭራሽ አይሆንም። ጣሪያ ላይ መውጣት፣ ከገደል አፋፍ በለስ መልቀም፣ ባጃጅና ሞተር መንዳት ይቅሩ። አልጋው ዝቅ ይበል ወይም ፍራሹ መሬት ይሁን።

ኳስ ይጫወት። ገበያ ይሂድ። ቤት የታሰረ ልጅ አይድንም፤ የሚከለከለው ከላይ ያለው ብቻ ነው።

ደረጃ 6፦ ትምህርት ቤት

ለሁሉም አትንገሩ፣ ለማንም ሳትነግሩም አትቅሩ። አንድ አስተማሪና ሁለት ጓደኛ ይበቃሉ፤ ጓደኞቹን እሱ ይምረጥ። ደረጃ 1ን በወረቀት ገልብጣችሁ ስጧቸው፣ ስልካችሁን ጨምሩበት።

የ12ኛ ክፍል ወላጆች፦ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ተማሪ ለብሔራዊ ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ለቀናት እያደረ ነው የተፈተነው። ልጃችሁም እንደዚያ ከሆነ ከወር በፊት ጀምሩ፦ ከባለሙያው ስለ በሽታውና መድኃኒቱ የሚገልጽ ማህተም ያለው ወረቀት ያውጡ፣ ለትምህርት ቤቱ ያስገቡ፣ ሲገባ ማን ጋ እንደሚያሳይ ጠይቁ። መድኃኒቱ ስሙ ከተጻፈበት ማሸጊያ ጋር ይሁን፤ በላስቲክ የተቋጠረ ነጭ ክኒን ፍተሻ ላይ ጥያቄ ያስነሣል። የታችኛው አልጋ ይጠይቅ። ሌሊቱን ሲያነብ አይደር። እንቅልፍ ማጣት መንዘፍዘፍን ከሚጠሩት ዋናዎቹ አንዱ ነውና ከሁለት ገጽ ንባብ የሁለት ሰዓት እንቅልፍ ይጠቅመዋል።

ደረጃ 7፦ ጠበል፣ ዱዓ፣ ጾም፣ ጫት

በወሎ አንዱ ዘመድ ጠበል ይላል፣ ሌላው ሸኽ ጋ እንውሰደው ይላል፣ ብዙ ቤት ሁለቱም በአንድ ማዕድ ይቀመጣሉ። አትጣሉ። ጸሎቱን አትከልክሉ፣ መድኃኒቱን አታስቁሙ። ለአጥማቂው አስቀድማችሁ ንገሩ፤ «ክኒኑን በጠበሉ ይዋጠው» ተብሎ የተፈታ ነገር አይቻለሁ። «መድኃኒት ካልጣለ አይድንም» ከተባለ ልጁን ይዛችሁ ተመለሱ። ፏፏቴ ሥር ወይም ገንዳ ውስጥ ብቻውን አይቁም። ግሸን ሲወጣ አፋፉ በኩል የሚሄድለት ሰው አብሮት ይኑር።

ረመዳን፦ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ከማፍጠሪያና ከስሁር ጋር ሊገጥም ይችላል፤ በቀን ሦስት ጊዜ ከሆነ ከወሩ በፊት ባለሙያውን ጠይቁ፣ በራሳችሁ አትለዋውጡ። ለታመመ ሰው የጾሙ ፈቃድ እንዳለ ሸኾቹ ራሳቸው ይነግሩታል። ይበልጥ የምፈራው የተቆራረጠውን እንቅልፍ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይተኛ። ለዐቢይ ጾምም፣ ለማኅሌት ሌሊትም፣ እስኪነጋ ለሚደረግ የዱዓ ስብስብ፣ ለወዳጃም ነገሩ ያው ነው፦ ክኒኑ በሰዓቱ፣ እንቅልፉ በቀን።

ጫት እንቅልፍ ይነሣል፣ መድኃኒትም ያስረሳል። አልኮል በተለይ ከፌኖባርቢታል ጋር አደገኛ ነው። «እንዳታደርግ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ «ብታደርግ እንኳ ክኒኑን እንዳትዘል፣ ብቻህንም እንዳታድር» በሉት። ይህን መናገር የፈቀድኩለት የመሰላችሁ ትኖራላችሁ። አልፈቀድኩም፤ ተደብቆ እንዳይወድቅብኝ ነው።

ደረጃ 8፦ ሴት ልጅ ከሆነች

በወር አበባ ሰሞን የሚበረታባት ከሆነ ደብተሩ ላይ ይጻፍ፣ ለባለሙያው ይነገር። ቫልፕሮት የምትወስድ ከሆነ ግን ወደ ልጅ መውለጃ ዕድሜ ስትጠጋ «ሌላ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በእርግዝና ጊዜ ጽንሱ ላይ የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያመጣል። በራሳችሁ ግን አታስቁሙት። ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል የወሊድ መከላከያ ክኒንንና ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን ያዳክማሉ። ይህን ለልጅ መናገር ይከብዳል፤ ካልቻላችሁ ከነርሷ ጋር ብቻዋን ተዉአት።

ስለ ጋብቻ አንድ ነገር። ከ18 ዓመት በታች በሕግ ክልክል ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን በሽታዋን ደብቃችሁ አትዳሩ። ባሏ እንዳያይባት ክኒኑን ጥላ፣ በሙሽርነቷ ምድጃ ላይ የወደቀች ልጅ አውቃለሁ።

ደረጃ 9፦ መድኃኒት ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የነበርን ሰዎች ይህን ማስረዳት አያስፈልገንም። ትርፉን እንዲህ አጠራቅሙ፦ በየቀጠሮው ክኒኑ ሊያልቅ ከአምስት ቀን በፊት ሂዱ። ያቺ ትርፍ እየተደመረች ሁለት ሳምንት ስትሞላ ለብቻዋ ትቀመጥ፤ በየወሩ አሮጌውን አውጥታችሁ አዲሱን ተኩ፣ የሚያበቃበትን ቀን እያያችሁ። የማዘዣውን ፎቶ ስልክ ላይ ያዙ።

ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ካላገኛችሁ፦ ደብተሩንና ባዶ ማሸጊያውን ይዛችሁ በአቅራቢያ ያለ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ወልዲያም ሆነ ከሚሴ ያለ ዘመድ ይፈልግ። እንዲበረክት ብላችሁ ክኒን አትግመሱ፤ ከጎረቤት ልጅ ሌላ ዓይነት አትበደሩ። «ያው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው» የሚባል ነገር የለም።

ደረጃ 10፦ «ድኛለሁ» ሲል

ስድስት ወር ካልጣለው ይላችኋል። አትሳቁበት፤ የፈለገው ነገር ይህ ነው። ስሌቱን ንገሩት፦ ብዙ ጊዜ ባለሙያው ስለ ማቆም ማሰብ የሚጀምረው ቢያንስ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይጥለው ሲቀር ነው፣ ሲቆምም በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ እየቀነሰ። በአንዴ አይቆምም። የማይቆምላቸውም አሉ። መድኃኒቱን በሥርዓት እየወሰደ አሁንም የሚጥለው ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ሪፈር ጠይቁ።

ዝም ካበዛ፣ ኳስ ከተወ፣ ለብቻው መብላት ከጀመረ፣ «ብሞት ይሻላል» ዓይነት ቃል ከወጣው፣ «ጉርምስና ነው» ብላችሁ አትለፉት። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ልጆች ላይ ድብርት በብዛት ይታያል፣ አንዳንዱ መድኃኒትም ይጨምርበታል። ቀጥታ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። መድኃኒቱን ሁሉ ለጊዜው እናንተ ያዙ፣ ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ሳምንት ሳይሆን በዚያው ቀን ይታይ። ርክክቡ ወደ ሳምንት 1 ይመለሳል፤ ሲረጋጋ እንደገና ከእሑድ ማታ ቀፎ መሙላት ይጀመራል።

የእኔው 14 ወር ሆኖታል። ትናንት እሑድ ልቆጥር ስገባ አንድ ክኒን ትርፍ ነበር። ደብተሩን ከፈተና በጣቱ አሳየኝ፦ «ሐሙስ፣ ረሳሁ፣ ሁለት አልደረብኩም።»